እጅ የሚያረጋጋ ሌንስ

ፎቶ አንሺውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ሐውልት» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ስሙን ያወጡለት የወጣትነት ባልንጀሮቹ ናቸው። ጨለምለም ባለ አዳራሽ ውስጥ ያለ ስታንድና ያለ ፍላሽ፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ግማሽ ድረስ አውጥቶ ቀጥ ሲል፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሌሎቹ አምስት ጊዜ አንስተው ሦስቱ ሲበላሽባቸው፣ እሱ አንዴ አንስቶ ካሜራውን ወደ ቦርሳው ይመልሳል። ነገሩ ትንሽ ልቡን አሳብጦት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሳይሆን በጣም።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የቀኝ እጁ አውራ ጣት መንቀጥቀጥ የጀመረው። መጀመሪያ በብርዱ አመካኘ። ብርዱ ሲያልፍ በእንቅልፍ ማጣት አመካኘ። እንቅልፉን ጠግቦ ሲነሳም ጣቱ ያው ሲሆንበት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ መሄድ ለመደ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ምሳሌ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ እንደተናገረው የሚያውቁ ያውቃሉ፤ ለራሱ ግን አልሰማውም።

ይህ ገመናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንንም ባልጎዳ ነበር። ችግሩ የፋብሪካው ሥራ ነው።

ፋብሪካው ልብስ የሚሰፋበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ የጨርቅ ጥቅል መጋዘን ነው፤ ከላዩ ያሉት ሁለት ፎቆች የስፌት መኪና በረድፍ የተደረደረባቸው አዳራሾች ናቸው፤ የመጨረሻው ፎቅ ላይ በቅርቡ የገቡ ግዙፍ የጨርቅ ማጠቢያ መኪኖች ተተክለዋል። እነዚያ መኪኖች ከገቡ ወዲህ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰባተኛው ምሰሶ ላይ ክር የምታህል ስንጥቅ ታየች። መሐንዲሱ መጥቶ አየና አጠገቧ የብረት ማስመሪያ አስመታ። ትእዛዙም አጭር ነበር፤ በየወሩ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ፣ ስንጥቋ ከነማስመሪያው ፎቶ ትነሳ፤ ከሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈች ሕንፃው ባዶ ይሁን። መሐንዲሱ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በአካል ይመጣል፣ በቀሩት ወሮች ከፎቶው ላይ ያነባል።

ለዚህ ሥራ ሐውልት የተመረጠው በዝምድና አልነበረም። መጋዘኑ ጨለማ ነው። ፍላሽ ቢተኮስበት ብርሃኑ ስንጥቁን ከልስኑ ጋር አመሳስሎ ያጠፋዋል። ስታንድ ቢቆም ከላይ መኪኖቹ ሲሠሩ ወለሉ ይንዘራል፣ የስታንዱም እግር ንዝረቱን ተቀብሎ ለካሜራው ያቀብላል። የሚያዋጣው ጉልበቱን ለቀቅ አድርጎ፣ ንዝረቱን በወገቡ ውጦ፣ ካሜራውን በእጁ ይዞ ቀጥ የሚል ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአካባቢው አንድ ነው ተብሎ ነበር የተጠራው። ሲጠራም ደረቱን ነፍቶ ነበር የሄደው። ብቸኛ ልጁ በዚያው ፋብሪካ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአርባ ሴቶች አለቃ ናት፤ በዚህም ደስታው እጥፍ ሆነ።

ጣቱ በተንቀጠቀጠ በመጀመሪያው ወር ሰባተኛውን ምሰሶ ሃያ ጊዜ አነሳው። ሃያውም ደበዘዘ። የማስመሪያው መስመሮች እርስ በርስ ተደራርበው አንድ ወፍራም ጥላ ሆኑ። ቤቱ ሄዶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና አንድ በአንድ እያጎላ አያቸው። አጠገባቸው ባለፈው ወር ለጥንቃቄ ብሎ ከልማዱ ውጭ ደጋግሞ ያነሳቸው አሥራ አንድ ፎቶዎች አሉ፣ ሁሉም ጥርት ያሉ፣ ሁሉም ስንጥቋን ሁለት ሚሊ ሜትር ላይ የሚያሳዩ። ከመካከላቸው ለመሐንዲሱ የላከው አንዱን ብቻ ነበር። አሥሩ እዚያው ተቀምጠዋል። ከአሥሩ አንዱን መረጠ፤ የዚህን ወር ቀን ጽፎበት ላከው።

ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ወር እጄ ይሻለዋል ብሎ ነበር። ውሸት እግር የለውም ይላሉ፤ ይኸኛው ግን ያለ እግር ሦስት ወር ሄደ። በየወሩ መጋዘን ይወርዳል፣ ካሜራውን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ቤቱ ይገባል፣ ከአሥሩ አንዱን ይልካል። ስንጥቁን በዓይኑ አላየውም ወይ ለሚል ሰው፣ አይቶታል። ጨለማ ውስጥ ሲያየው ያው የድሮው ይመስለዋል። ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ላለማየት ዓይኑ አያስቸግረውም።

የእጁን ነገር ቀድማ ያወቀችው ልጁ ናት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ውኃ ሲቀዳላት የጆጉ አፍ ከብርጭቆው ጋር ይንኳኳል። እሷም ሰማች፣ እሱም መስማቷን አወቀ፤ ሁለቱም ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። በሳምንቱ አንድ ካርቶን ይዛለት መጣች። ውስጡ ሌንስ ነው። ሻጩ ያስረዳትን በአንድ ትንፋሽ አስረዳችው፤ በውስጡ ተንሳፋፊ መስተዋት አለው፣ እጅ ወደ ግራ ሲል መስተዋቱ ወደ ቀኝ ይላል፣ እጅ ሲወርድ እሱ ይወጣል፣ በዚህ ዓይነት መንቀጥቀጡን ያጣፋዋል፤ በደካማ ብርሃን ያለ ስታንድ ለሚያነሳ ሰው የተሠራ ነው። እጁን በሚመለከት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። አባቷን ታውቀዋለች።

ሐውልት ካርቶኑን እንኳ በወጉ አላየውም። «ምርኩዝ ለአንካሳ ነው የሚሰጠው» አለና መሳቢያ ውስጥ ዘጋበት። ልጁ ሳህኖቹን አንስታ ወጣች። ያን ቀን አንድ ደግ ቃል ቢናገራት ምን ነበረበት? ኩራት ግን አፍ ይዘጋል።

ሌንሱ ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ከረመ። የወሩ ፎቶ ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ብቻውን በነበረ ጊዜ፣ ልክ የሰው ዕቃ እንደሚነካ ሰው ዙሪያውን አይቶ አወጣው። ካሜራው ላይ ገጠመና ወደ መስኮቱ ዞረ። ከማዶ ያለው ቤት በካሜራው ዓይን ማያ ውስጥ እንደ ወትሮው ይዋልል ነበር። የፎቶ ማንሻውን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ሲጫነው ከውስጥ የሆነች ስስ ድምፅ ተሰማች፣ ቤቱም ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ መንቀጥቀጡ ክርኑ ድረስ ይሰማዋል፣ ቤቱ ግን ከነበረንዳው፣ ከነተሰጣው ልብስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብርሃኑን ቀንሶ አነሳ፤ ጠራ። መጋረጃውን ዘግቶ የመጽሐፍ መደርደሪያውን አነሳ፤ የመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እንዲህ ያለ ደስታ ሦስት ወር ሙሉ አልነካውም ነበር። በልጁም ላይ የተናገረው ነገር ያን ጊዜ ጸጸተው።

በነጋታው፣ ቀኑን ሳይጠብቅ፣ መጋዘን ወረደ። በጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል ተሹለክልኮ በየወሩ የሚያነሳበት ቦታ ላይ ቆመ፣ ጉልበቱን ለቀቀ፣ ከላይ መኪኖቹ ይጮኻሉ፣ ወለሉ ይንዘራል። ቁልፉን ተጫነ። ምሰሶው ሲዋልል ቆየና ረጋ። አንዴ አነሳ፣ እንደ ድሮው አንዴ ብቻ። ከዚያ የካሜራውን ስክሪን አብርቶ ፎቶውን አጎላው።

ማስመሪያው ላይ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠራቸው። ስንጥቁ አምስት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ጫፉ ከማስመሪያው አልፎ ወደ ጣሪያው ወጥቷል፤ ከሥሩ ባሉት ጥቅሎች ላይ ነጭ የሲሚንቶ ዱቄት ተነስንሷል። ዱቄቱን በጣቱ ዳሰሰው፣ አዲስ ነው። የልጁ አርባ ሴቶች ከራሱ በላይ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ እሷ በመካከላቸው ቆማለች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የገባው እየሮጠ ነው፤ ስንጥቁንም፣ አዲሱ ሌንስ እንዴት እንደሚሠራም እያለከለከ ነገረው። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ፎቶውንም ሳይቸኩል አየው። ከዚያ ፋይል አወጣና ከመሐንዲሱ ጋር ለእሱም በቅጂ ይደርሱት የነበሩትን ያለፉትን ሦስት ወራት ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደራቸው።

«ይኸው የእርስዎው ሥራ ነው» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ ሁለት ሚሊ። አንዲት ፀጉር አልጨመረችም። ዛሬ አዲስ ሌንስ ገጠሙ፣ ስንጥቁ በእጥፍ አደገ። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ የተለወጠው ምሰሶው ነው ወይስ ሌንሱ?»

ሐውልት አፉን ከፈተ። እዚያች ቅጽበት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግበት። በሩ ላይ ጸሐፊዋ ቆማለች፣ መካኒኩ ቆሟል፤ ሁለቱም ሐውልት እያሉ የሚጠሩት ሰዎች ናቸው። አፉን መልሶ ዘጋው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሌንሱ ውስጥ መስተዋት ይንቀሳቀሳል ካሉ፣ የሚንቀሳቀስ መስተዋት ምስል ያጣምማል ማለት ነው፣ ሲል ነገሩን ቋጨለት። ፎቶ አንሺው እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ልጁን ጥግ አስያዛት። አሞኛል ብለሽ ቤት እንሂድ አላት። ምክንያቱን ጠየቀችው፤ ዝም ብለሽ ነይ አላት። እሷ ግን ሥራ መሃል አርባ ሰው ትታ የምትሄድ ሴት አይደለችም፤ ወደ ረድፏ ልትመለስ ፊቷን ስታዞር ነው እጁን ከኪሱ ያወጣው።

«የላክሁት ፎቶ ሁሉ ውሸት ነው» አላት። «የአንድ ቀን ፎቶ ነው ሦስት ወር ሙሉ የላክሁት። እጄ እንቢ ብሎኝ አፍሬ ነው። ምሰሶው ተሰንጥቆ አልቋል።»

ልጁ እጁን አየችው፤ ፊቱንም አየችው። «እኔ እዚህ እየዋልኩ፣ አባዬ?» አለችው።  ይህ ጥያቄ እስከዚያ ቀን በሕይወቱ ከሰማው ስድብ ሁሉ በለጠበት። እሷ ሄዳ የረድፉን መብራት ማጥፊያ ወደ ታች አወረደችው፤ አርባዎቹን መኪኖች አስቁማ ሴቶቹን ወደ ደረጃው መራቻቸው። እነሱን አይተው የሁለተኛው ፎቅ ሴቶችም ወጡ። ሥራው በዚያ ቀን እንደተቋረጠ ቀረ።

ሐውልት ለመሐንዲሱ ስልክ የደወለለት ከፋብሪካው ደጅ ቆሞ ነው። ሁሉንም ነገረው።  መሐንዲሱ ፎቶዎቹ ፊቱ እንዳሉ፣ ከየትም ከሚላኩለት ሁሉ እነሱን ይተማመንባቸው እንደነበር ነገረውና ነገ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ፣ እስከዚያ አንድም ሰው እንዳይገባ አለ። ይህን መሐንዲሱ ራሱ ለሥራ አስኪያጁም ደውሎ ነግሮታል። ሥራ አስኪያጁ ግን የስልክ ወሬ ደብዳቤ አይሆንም ብሎ አደረ።

ጠዋት ሴቶቹ ሲመጡ በር ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሦስቱ ፎቶዎች ትልልቅ ሆነው ተለጥፈው ጠበቋቸው። ከእያንዳንዱ ሥር የወሩ ስም ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁ አጠገባቸው ቆሞ፣ ትናንት የተወራው ወሬ የአንድ ሰው ስህተት እንደሆነ፣ ምሰሶው ሦስት ወር ሙሉ ንቅንቅ እንዳላለ፣ ማስረጃውም የራሱ የሐውልት እጅ ሥራ እንደሆነ ረጋ ብሎ ያስረዳል። ሁለት መቶ የሚሆኑ ሴቶች በሩ ፊት ተሰብስበዋል። የትናንቱ ፍርሃት ሌሊቱን ቀዝቅዟል፤ የቀን ሥራ የቀረበት ሰው ደግሞ ማመን የሚፈልገውን ቶሎ ያምናል።

ሐውልት ልጁን አስከትሎ ደረሰ። የትናንቱን ፎቶ አሳትሞ ይዟል። በሩ አጠገብ ያለው የአበባ መደብ ጠርዝ ላይ ወጣና ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። በሕይወቱ ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከአውራ ጣቱ የጀመረው መንቀጥቀጥ አሁን ሁለቱንም እጆቹን አዳርሶ ነበር፤ ፊት ያሉት ሴቶች በደንብ ያዩታል።

«እነዚህ ሦስቱ የአንድ ቀን ፎቶዎች ናቸው» አለ። «ይኸው እጄ። ማንሳት ስላቃተኝ አሮጌውን እየደጋገምኩ ላክሁ። ዋሽቻለሁ። እውነተኛው ይኼ ትናንት ያነሳሁት ነው። እባካችሁ አትግቡ።»

ጉርምርምታ ሆነ። ጥቂቶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንዷ ከመሃል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለችና ሌሎቹ ሳቁ። በዚህ መሃል ከፊት ያለችው ሴት ፎቶውን ከእጁ ተቀበለችው። በፋብሪካው «ሙሽሪት» የሚሏት ናት፤ ከሃያ ዓመት በፊት ሰርጓን ያነሳው እሱ ነው፣ ስለዚያ ፎቶ ሳታወራ የምትውልበት ቀን ስለሌለ ስሙም በዚያው ጸናባት። ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው፣ እጁንም አየችው፣ ፎቶውን ደግሞ አየችው።

«ጋሼ፣ ይኼን ትናንት ነው ያነሳኸው?»

«ትናንት።»

«በዚህ እጅ?»

«በዚሁ እጅ።»

«መስመሩ ሁሉ ይቆጠራል እኮ» አለች በሀዘን። «የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዲህ አድርጎ ያነሳል? ስለ ልጅህ ብለህ ነው፣ ይገባኛል፤ ትናንት ሥራ አስቁማ ከአለቆቹ ጋር እንደተጣላች ሰምተናል። የእኔ ፎቶ ግን እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ አለ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ነገር አልዋሸኝም። እኔ ካንተ ወሬ ይልቅ ፎቶህን አምናለሁ።»

ስለ ሌንሱ ሊያስረዳት ሞከረ። ተንሳፋፊ መስተዋት አለ፣ እጅ ወደ ግራ ሲል ወደ ቀኝ ይላል እያለ በሚንቀጠቀጡ እጆቹ ሲያሳያት እሷ ራሷን እየነቀነቀች ፎቶውን መለሰችለትና ገባች። ከኋላዋ ሌሎች ተከተሏት። ልጁ በሩ ላይ ቆማ በየስማቸው ስትለምን፣ ከአርባዎቹ ሠላሳ አንዱ ከእሷ ጋር ቀሩ፤ በጠቅላላው ግን ከስልሳ የማያንሱ ሴቶች ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ የማጠቢያዎቹ ጩኸት ጀመረ፤ ቀጥሎ የስፌት መኪኖቹ።

ሐውልት ካሜራውን አነሳና ወደ ሁለተኛው ፎቅ አነጣጠረ። ለምን እንዳነሳው ራሱም አያውቅም፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አጥቶ ነው። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫነው። ሁሉም ነገር ሲዋልል ቆየ፣ ከዚያ ሌንሱ ያዘው። የመብራት ምሰሶው ቆመ። አጥሩ ቆመ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ከነፎቶዎቹ ቆመ። የሁለተኛው ፎቅ መስኮቶች ግን አልቆሙም፤ የብረት ፍርግርጋቸው ከግድግዳው ጋር በስሱ ይርገበገብ ነበር። እጄ ነው ብሎ ቁልፉን ለቀቀና እንደገና ተጫነው። እንደገና አጥሩ ቆመ፣ እንደገና መስኮቶቹ ተርገበገቡ። አንደኛው መስኮት ሥር ከልስኑ ቁራሽ ተነቅሎ ወደቀ።

ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ በልጁ አንገት አጠለቀው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገብቷት እጅጌውን ጨብጣ ያዘችው።

«አባዬ፣ አትግባ።»

«ያስገባኋቸው እኔ ነኝ» አላት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጅጌው ፈታ። ጣቶቹ ስለሚንቀጠቀጡ ጊዜ ወሰደበት፤ እሷም እያለቀሰች ለቀቀችው።

በሩን አልፎ በጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል ወደ ደረጃው ሄደ። ነጩ ዱቄት ከጣሪያው እየወረደ ትከሻው ላይ ያርፍ ነበር። ደረጃው ሥር ቆሞ ሙሽሪትን በሙሉ ድምፁ ጠራት። በመኪኖቹ ጩኸት አልሰማችውም፤ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።